መጠቅለል፣ መሸፈን፣ መክበብ፦ የእንግሊዝኛዎቹ ቃላት የሚለያዩት በምንድን ነው?

ከጣና ደሴቶች አንዷን በእንግሊዝኛ የሚገልጽ ተማሪ «ደሴቷ በውሃ የተከበበች ናት» ሊል አስቦ፣ «ሰራውንድድ» በማለት ፈንታ «ከቨርድ» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው የሚረዳው ደሴቷ ሰጥማ ውሃው ከላይዋ መተኛቱን ነው። ሁለቱም ቃላት በመዝገበ ቃላት ውስጥ ተቀራራቢ ፍቺ ይሰጣቸዋል። ነገር ግን በአንደኛው ቃል ገዳሙና ዛፎቹ በደረቅ መሬት ላይ ይቆማሉ፤ በሌላኛው ዓሣ ይዋኝባቸዋል።

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስተረጉምም ሆነ የሌሎችን ትርጉም ሳርም ደጋግሜ የምገናኘው ስህተት ይህ ነው። ሰዋስዉ ትክክል፣ ፊደሉ የተሟላ ሆኖ ሥዕሉ ግን ይበላሻል። የመጠቅለል፣ የመሸፈንና የመክበብ ቃላት ደግሞ በሥነ ጽሑፍ ብቻ የሚያጋጥሙ አይደሉም፤ በጦርነት ዜና፣ በኢንሹራንስ ውል፣ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ውስጥ በየቀኑ ይመላለሳሉ። ስለዚህ አንዱን ከሌላው የሚለየውን ነገር ከሥሩ ማየት ይጠቅማል።

ልዩነቱ ከምን ይመነጫል?

እንግሊዝኛ አንድ ነገር በሌላ ነገር ተያዘ ለማለት ቃል ሲመርጥ የሚያስተውላቸው ነገሮች አሉ። የሚይዘው ነገር እንደ ጨርቅና ቅጠል የሚታጠፍ ነው ወይስ እንደ ክዳንና ግንብ ግትር? የሚይዘው ከላይ ብቻ ነው፣ በዙሪያ ነው ወይስ ከሁሉም አቅጣጫ? የተያዘውን ነገር ይነካዋል ወይስ ክፍተት ይተዋል? ከእነዚህ የአንዱ መልስ ሲቀየር ቃሉም አብሮ ይቀየራል።

ይህን በደንብ የሚያሳይ ሥራ በአገራችን ኩሽና ውስጥ አለ፤ እርሱም ድፎ ዳቦ መድፋት ነው። ዳቦ የምትደፋ ሴት በመጀመሪያ የኮባ ቅጠሉን አጥባ ምጣዱ ላይ ታነጥፋለች። የአንድን ዕቃ ውስጠኛ ገጽ በስስ ነገር ማልበስን እንግሊዝኛ «ላይን» ይለዋል፤ የካፖርት ገበርም በዚሁ ቃል ይጠራል። ከዚያ ቦክቶ የጠበቀውን ሊጥ ታፈስስና የተረፈውን የቅጠል ጫፍ ከግራም ከቀኝም አጥፋ ሊጡ ላይ ትመልሰዋለች። ቅጠሉ ታጥፎ፣ ዞሮ፣ ሊጡን ነክቶ ስለያዘው ይህ «ራፕ» ነው። ከላይ ምጣድ ትደፋበታለች፤ ይህ «ከቨር» ነው፤ ምክንያቱም ክዳኑ ግትር ነው፣ የመጣውም ከላይ ነው፣ ሊጡን መንካትም አይጠበቅበትም። ፍም ከላይ ትጭናለች፣ ከሥርና ከዳር ዳር ታደርጋለች፤ አሁን ምጣዱ በእሳት ተከቧል፣ ቃሉም «ሰራውንድ» ይሆናል። በመጨረሻ ቅጠሉ ማረር ሲጀምር ጭሱ ይነሣና ምጣዱንም፣ ሴትዮዋንም፣ ጣራውንም ውጦ ምንም እንዳይታይ ያደርጋል። ለዚህ እንግሊዝኛ «ኢንቬሎፕ» የሚል ግስ አለው፤ ጭስ፣ ጉም፣ ነበልባል፣ ጨለማና ዝምታ የመሰለ ጨብጠው የማይይዙት ነገር አንድን ነገር ከሁሉም አቅጣጫ ሲውጠው የሚነገር ነው። ዳቦው ወጥቶ ገጹ ቅቤ ሲቀባ ደግሞ «ኮት» ይባላል፤ ስስ ሆኖ የተጣበቀ ሽፋን ማለት ነው።

አንዲት ሴት አንድ ዳቦ እስክታወጣ ስድስት ግስ አለፈ። በአማርኛም ብንናገረው «አነጠፈች፣ ጠቀለለች፣ ከደነች፣ ከበበው፣ ዋጠው፣ ቀባች» እንላለን እንጂ በአንድ ቃል አንጨርሰውም። ችግሩ እንግሊዝኛውን ስንማር ስድስቱንም «ሸፈነ» በሚል አንድ ፍቺ መሸምደዳችን ነው።

«ራፕ» ከሌሎቹ በምን ይለያል?

ቃሉ ሲጻፍ በመነሻው ላይ የማይነበብ ፊደል ስላለው ከራፕ ሙዚቃው ጋር በድምፅ አንድ ነው፤ በትርጉም ግን አይገናኙም። ያ ፊደል በጥንቱ እንግሊዝኛ ይነበብ ነበር፤ አንደበቱ ሲተወው ጽሕፈቱ ይዞት ቀረ። ዛሬ በአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች ዝርዝር ላይ «ራፕ» ተብሎ የሚገኘው፣ በስስ ቂጣ ተጠቅልሎ የሚበላው ምግብም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግስ ነው።

ልዩ ጠባዩ በሁለት መንገድ መነገር መቻሉ ነው። ዳቦውን መነሻ አድርገን «ዳቦውን በቅጠል ጠቀለለችው» ስንል መስተዋድዱ፣ ማለትም ስምን ከግስ የሚያያይዘው ትንሽ ቃል፣ «ኢን» ይሆናል። ቅጠሉን መነሻ አድርገን በዳቦው ዙሪያ ዞረ ስንል ደግሞ «አራውንድ» እንላለን። አማርኛ ለሁለተኛው ብዙ ጊዜ ሌላ ግስ ያመጣል፤ ቁስሉን በፋሻ ጠቀለለ፣ ፋሻውን ግን ቁስሉ ላይ ጠመጠመ እንላለን። «ከቨር» ይህ ነጻነት የለውም። ገበታውን በጨርቅ መሸፈን ይቻላል፤ ጨርቁን «በገበታው ዙሪያ መሸፈን» ግን በእንግሊዝኛም በአማርኛም አይባልም። «ከቨር» በአብዛኛው የሚከተለው መስተዋድድ «ዊዝ» ነው።

ከ«አፕ» ጋር ሲጣመር «ራፕ» ሌላ ትርጉም ያወጣል፤ ስብሰባን ወይም ሥራን መቋጨት ማለት ይሆናል። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ እኛም ረጅም ነገርን «ጠቅለል አድርገህ ንገረኝ» እንላለን። በብርድ አገር የሚኖር ሰው ደግሞ ይህንኑ ጥምር ቃል ከቤት ሲወጣ ይሰማዋል፤ ያኔ «ደህና አድርገህ ልበስ፣ ተጀቧቦን» እንደ ማለት ነው።

«ከቨር» ለምን ይህን ያህል ትርጉም አለው?

ከቤተሰቡ ሁሉ ሥራ የበዛበት ይህ ቃል ነው። ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን መነሻ ፍቺው መክደን ነው። የተከደነ ነገር ከዝናብ ይጠበቃል፤ ስለዚህ መከላከል ማለት ሆነ። የተከደነ ነገር አይታይም፤ ስለዚህ መደበቅ ማለት ሆነ። ክዳን አፉን ሙሉ ለሙሉ የሚደርስ ነው፤ ስለዚህ ማዳረስና መብቃት ማለት ሆነ። ጋዜጠኛ አንድን ጉዳይ «ከቨር» ሲያደርግ ያዳርሰዋል፤ አማርኛም «የዜና ሽፋን» ብሎ ተቀብሎታል። ነገር ግን «አፕ» የምትል ቃል ስትጨመርበት ትርጉሙ ይገለበጣል፤ ያ ጋዜጠኛ ጉዳዩን እየደበቀ ነው ማለት ይሆናል። አማርኛ ይህን ልዩነት በግሱ ውስጥ በሚደገም ፊደል ያሳያል። ለጉዳዩ ሽፋን የሰጠ ሰው ሌላ፣ ጉዳዩን የሸፋፈነ ሰው ሌላ ነው።

ኪስ የሚጎዳው ግን የኢንሹራንሱ ፍቺ ነው። በብሪታንያ «ከቨር»፣ በአሜሪካ ደግሞ «ከቨሬጅ» የሚባለው ነገር በአማርኛ «የመድን ሽፋን» ይባላል። አሜሪካ የምትኖር አንዲት ዘመዴ ከሕክምናዋ በፊት ስትጠይቅ አገልግሎቱ «ከቨርድ» መሆኑ ተነገራት፤ ልቧ አረፈ። ከሳምንታት በኋላ በፖስታ የመጣው ሒሳብ ግን ጠረጴዛው ላይ ለቀናት ተቀመጠ። «ተሸፍኗል» ሲባል በአማርኛ ልቦና የሚታየን ከዳር እስከ ዳር የደረሰ ጋቢ ነው፤ እግር አይቀርም፣ ጭንቅላት አይቀርም። በውሉ ቋንቋ ግን ቃሉ የሚለው አገልግሎቱ ኢንሹራንሱ ከሚቀበላቸው ዓይነቶች መካከል መሆኑን ብቻ ነው። መድን ሰጪው መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ከኪሱ እንዲጨርሰው የተወሰነ መጠን ሊኖር ይችላል፤ ከዚያም በኋላ በየጉብኝቱ የሚያዋጣው ድርሻ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «ተሸፍኗል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ከእኔ ስንት ይፈለጋል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ የቃል ጥንቃቄ ብዙ ቤተሰብን ከድንገተኛ ዕዳ ያድናል ብዬ አምናለሁ።

በጦርነት ዜና ላይ «ተከበበ» ሲባል የትኛው ነው?

አማርኛ «ከበበ» በሚለው ግስ የሚገልጸውን እንግሊዝኛ ቢያንስ በሦስት ይከፍለዋል። «ሰራውንድ» በዙሪያ መገኘትን ብቻ ይናገራል፤ ተራራም ከተማን «ሰራውንድ» ያደርጋል፣ ወዳጅ ዘመድም ሙሽራን። «ኢንሰርክል» ቀለበቱ መገጠሙን ያመለክታል፤ በጦር ዜና ሲነገር ወታደሮቹ መውጫ እንዳጡ እንረዳለን። «ቢሲጅ» ደግሞ ጊዜን ይጨምራል፤ ከበባው ቆይቷል፣ እህልና ውሃ እንዳይገባ ተከልክሏል፣ የሚጠበቀውም የውስጡ ሰው ተርቦ እጁን እንዲሰጥ ነው። ከተማው «ሰራውንድድ» ነው የሚል የእንግሊዝኛ ዜና ተተርጉሞ «ከተማው በከበባ ሥር ወደቀ» ተብሎ ሲነበብ፣ እዚያ ቤተሰብ ያለው ሰው የሚሰማው ድንጋጤ ዜናው ከሚለው በላይ ይሆናል። በዚህ ላይ ግድየለሽ ልንሆን አይገባም። ተርጓሚው «ዙሪያውን ያዘ»፣ «መውጫ አሳጣ»፣ «ከቦ አስራበ» እያለ ልዩነቱን ማሳየት ይችላል፤ አማርኛው አላጠረውም።

ስለ ሰላማዊው አጠቃቀም አንድ ነገር ልጨምር። «ሰራውንድድ» ከሚለው ቃል በኋላ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መስተዋድድ «ባይ» ነው። ስለዚህ የጣናዋ ደሴት «ሰራውንድድ ባይ ዋተር» ናት።

በደብዳቤ ላይ «ኢንክሎዝድ» የሚለው ምንድን ነው?

«ኢንክሎዝ» ማጠር ወይም በዝግ ነገር ውስጥ ማስገባት ነው። በመነሻው ያለው «ኢን» የሚል ድምፅ ባዕድ መነሻ ይባላል፤ ከቃሉ ፊት እየተቀጠለ ትርጉም የሚጨምር ቁራጭ ማለት ነው። ይህኛው «ወደ ውስጥ ማድረግ» የሚል ስሜት ስላለው በ«ኢንሰርክል»ም በ«ኢንቬሎፕ»ም ላይ ይገኛል። አጥር ያለው ግቢ «ኢንክሎዝድ» ነው፤ ከደብዳቤ ጋር በአንድ ፖስታ የገባ ሰነድም እንዲሁ። ከደብዳቤው ጋር የተያያዘ ከሆነ ወይም በኢሜይል የተላከ ከሆነ ግን «አታችድ» ይባላል። የእኛ መሥሪያ ቤቶች ለሁለቱም «አባሪ» ይላሉ። ከሰነዶቹ ፊት የሚቀመጠውን ደብዳቤ እንግሊዝኛ «ከቨር ሌተር» ሲለው አማርኛ «ሸኚ ደብዳቤ» ማለቱ ደስ ያሰኘኛል፤ አንዱ ሰነዱን እንደ ክዳን ሲያየው ሌላው እንደ እንግዳ አይቶ እስከ ደጅ ይሸኘዋል።

ፖስታውም ራሱ «ኤንቨሎፕ» ነው። ከላይ ካየነው ግስ የሚለየው ሲጻፍ በመጨረሻው በምትጨመር አንዲት ፊደልና በአነጋገር ነው፤ በስሙ የመጀመሪያው ቀለም (ክፍለ ቃል)፣ በግሱ መካከለኛው ጎላ ብሎ ይነገራል።

ቃላቱ ከየት መጡ?

የቃላቱን ሥር ስንከፍት የምናገኘው ኑሮ የራሳችንን ይመስላል። ለምሳሌ የሰዓት እላፊ ገደብ በእንግሊዝኛ «ከርፊው» ይባላል። ቃሉ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ «እሳት ሸፍን» ማለት ነበር። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ከተሞች ቤቶቹ የእንጨትና የሣር ስለነበሩ፣ ማታ ደወል ሲደወል ሁሉም ምድጃውን አዳፍኖ እንዲተኛ ይገደድ ነበር፤ ከዚያ ደወሉ ራሱ፣ ቀጥሎም ከደወሉ በኋላ ከቤት አለመውጣት በዚሁ ስም ተጠራ። በገጠር ያደገ አንባቢ ሥዕሉን ወዲያው ያየዋል። አያት ከመተኛቷ በፊት ፍሙን ሰብስባ አመድ ታለብሰዋለች፤ ጠዋት አመዱን ገፋ ስታደርገው ረመጡ ቀልቶ ይጠብቃታል። አማርኛም ከዚሁ ምድጃ ሌላ ትርጉም አውጥቷል፤ ወንጀል ሲደበቅ «ጉዳዩ ተዳፈነ» እንላለን።

መሸፈን ካለ መግለጥም አለ። «ዲስከቨር»፣ ማለትም ማግኘት፣ በቃል በቃል ፍቺው ክዳን ማንሣት ነው። «ዲቨሎፕ»፣ ማለትም ማደግ ወይም ማልማት፣ የ«ኢንቬሎፕ» ተቃራኒ ነው፤ የተጠቀለለውን መፍታት ማለት ነበር። «ሬቪል» ከላቲን የመጣ ሲሆን መጋረጃን መግፈፍ ነው። የእኛ «ገለጠ» በአንድ አፍ የድስት ክዳንንም ምሥጢርንም እንደሚያነሣ ሁሉ ማለት ነው። «ሪከቨር» ግን በመልክ ቢመስልም ከዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ ሥሩ በላቲን መልሶ ማግኘት የሚል ሌላ ቃል ነው። በላቲን ሌላም የመክደን ግስ ነበረ፤ ከእርሱ «ፕሮቴክት» (ከፊት ሸፍኖ መጠበቅ) እና «ዲቴክት» (ክዳኑን አንሥቶ ማየት) ወጡ። ይህ ግስ የሣር ክዳንን ከሚመለከተው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር በጥንት ሥሩ አንድ ነው። እኛም ድስት እንከድናለን፣ ጎጆም እንከድናለን።

ግሪክኛውም ብዙ ትቶልናል። በግሪክኛ ከመሸፈን ግስ ላይ «ማንሣት» የሚል መነሻ ተቀጥሎ «አፖካሊፕስ» ሆነ፤ የዮሐንስ ራእይ በግሪክኛ የሚጠራበት ቃል ነው። ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የዓለም ጥፋት ለማለት ይጠቀሙበታል፤ መነሻ ፍቺው ግን መገለጥ ብቻ ነበር። ከዚሁ የመሸፈን ግስ ላይ «በደንብ» የሚል መነሻ ሲቀጠል ደግሞ «ዩካሊፕተስ» ይሆናል፤ የእኛው ባሕር ዛፍ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ይህን ስም ያወጡለት የአበባው እንቡጥ በትንሽ ክዳን ስለሚሸፈን ነው፤ አበባው ሲፈነዳ ክዳኑ ይወድቃል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን ካለበሳት ከዚያ ዛፍ ሥር ልጆች የሚለቅሟት ጠንካራ ፍሬ ክዳኗን የጣለች እንቡጥ ናት፤ ስሟም «በደንብ የተሸፈነ» ማለት ነው።

ከአጥር የተወለዱም አሉ። «ፓራዳይዝ» ከጥንት የኢራን ቋንቋ ተነሥቶ በግሪክኛና በላቲን በኩል እንግሊዝኛ የደረሰ ሲሆን ትርጉሙ «ዙሪያውን የታጠረ» ነበር፤ ገነት ከመባሉ በፊት ቅጥር ያለው የአትክልት ስፍራ ነበር። ከተማን የሚጠራው «ታውን»ም በጥንታዊ እንግሊዝኛ አጥር ያለው ቦታ ማለት ሲሆን፣ የቃሉ ዘመድ በጀርመንኛ እስከ ዛሬ አጥር ማለት ነው።

መነሻዋን ደሴት ግን አልረሳሁም። «ሰራውንድ» ራሱ ከላቲን ሲመጣ ትርጉሙ ሞልቶ መፍሰስና ማጥለቅለቅ ነበር፤ በውስጡ ያለው ሥር ማዕበል ማለት ነው። ኋላ በድምፁ «ራውንድ»፣ ማለትም ክብ፣ የሚለውን ስለሚመስል ተናጋሪዎቹ በዚያ ተረድተውት ወደ «መክበብ» አዞሩት። ስለዚህ ከ500 ዓመት በፊት አንድ እንግሊዛዊ ደሴቷን «ሰራውንድድ» ቢላት ኖሮ ሰጠመች ማለቱ ነበር።

አማርኛ የሚበልጥበትስ የት ነው?

እንግሊዝኛ ለሕይወት መጀመሪያና መጨረሻ ጨርቅ ለየብቻ ቃል አለው። አዲስ የተወለደን ልጅ አጥብቆ መጠቅለል «ስዋድል» ነው፤ በልደት ታሪክ ንባብ የሚታወቅ ቃል ነው። የሟች መጠቅለያ ደግሞ «ሽራውድ» ነው፤ ይህ በጥንታዊ እንግሊዝኛ ተራ ልብስ ማለት የነበረ ሲሆን ዛሬ ጉም የሸፈነው ተራራም በእርሱ ይገለጻል። አማርኛ ለመጨረሻው ጨርቅ ሁለት ግስ አለው፤ ክርስቲያኑ ይገንዛል፣ ሙስሊሙ ይከፍናል፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ ሲገቡ አንድ ይሆናሉ።

በሕይወት ላለ ሰው ልብስ ሲሆን ደግሞ እንግሊዝኛው ይበልጥ ያጥረዋል። ነጠላዋን ከራሷ አሳልፋ የለበሰች ሴት ተከናንባለች፤ ብርድ የፈራ ሽማግሌ ጋቢውን ተጀቡኗል፤ ኩታ በሸሚዝ ላይ የጣለ ሰው ደርቧል። ለሦስቱም እንግሊዝኛ የሚሰጠን «ራፕ» ወይም «ከቨር» ነው። «አደግድጎ ቆመ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲገጥመኝ ብዕሬ ይቆማል። ጨርቁን በየት አሳልፎ የት እንዳሰረው፣ ክንዱ ለምን ነጻ እንደሆነ፣ ከፊቱ ያለው ሰው ታላቁ ወይም ጌታው መሆኑን፣ ሊታዘዝ ዝግጁ መሆኑን አንዱ ግስ ብቻውን ተናግሮ ጨርሷል። በእንግሊዝኛ ልብሱን በአንድ ሐረግ፣ አክብሮቱን በሌላ፣ የቆመለትን ሰው በሦስተኛ አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ እስካሁን ከዚህ ያጠረ መንገድ አላገኘሁለትም።